ለአምስት ቀን የታሰበው እረፍት

አባቴ ከወልድያ በሚኒባስ፣ እኔ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተን ላሊበላ ላይ ተገናኘን። ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመት እረፍት ተዘግቷል፣ የጥምቀት እንግዳ ከከተማው ወጥቶ አልቋል፣ መንገዱም ከገና ወዲህ ሰላም ሰንብቷል ይባላል። ይህን የሚነግረኝ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ጮክ ብሎ ቢናገረው የሚበላሽ ይመስል።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ከወልድያ ጋሸና፣ ከጋሸና ደብረ ታቦር፣ ሲመለስ ደግሞ እህል ጭኖ። ጡረታ ከወጣ ብዙ ቢቆይም ሲራመድ አሁንም ጎማ እንደሚመረምር ሰው ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። ስኳር ከያዘው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ይወጋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ብቻውን ነው የሚኖረው። ባለፈው ጥቅምት ስኳሩ ወርዶበት በረንዳው ላይ ወድቆ ጎረቤት ነው ያነሣው። እኔ የሰማሁት በማግስቱ፣ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ከእኔ ጋር እንዲኖር በስልክ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ቤቴ ውስጥ ነኝ።» ስለዚህ ዘዴ ፈለግሁ። አምስት ቀን፣ ሰው በማይበዛበት ቦታ፣ ቀስ ብለን እየተራመድን፣ ፀሐይ እየሞቅን እንቀመጣለን፤ በአራተኛው ቀን ልቡ ሲለሰልስ ነገሩን አነሣዋለሁ። ለእሱ ግን «እንረፍ፤ ሁለታችንም ደክሞናል» ብቻ ነው ያልኩት።

የመረጥኩት መንደር ከላሊበላ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ነዋሪዎቹ ተባብረው ለእግረኛ እንግዶች የሠሯቸው አራት የድንጋይ ጎጆዎች አሉ። የውጪ አገር ሰው ከቀነሰ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናቸው። ከመኪናው ከወረድን በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል በእግር ይወጣል። አስጎብኚያችን ለአባቴ በቅሎ አዘጋጅቶለት ነበር።

«እኔ የምጭን ሰው ነኝ፤ ተጭኜ አላውቅም» አለና ዱላውን ይዞ ወደፊት ቀደመን።

በየመቶ እርምጃው እየቆመ፣ እኔም ድካሙን እንዳላየሁ ሆኜ ከኋላው እየቆምኩ ወጣን። ስንደርስ አስጎብኚው በአምስተኛው ቀን ሊወስደን ቀጠሮ ይዞ፣ በቅሎዋን ለባለቤቷ ለመንደሩ ቄስ መልሶ ወረደ። ጎጆዎቹን የምትጠብቀውና ለእንግዳ የምታበስለው ሴት ወጥታ ተቀበለችን። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ነጠላዋን አደግድጋ የታጠቀች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ከመስከረም ወዲህ የመጣን የመጀመሪያ እንግዶች እኛ መሆናችንን ነገረችን።

«እዚህ ጫጫታ የለም» አለች። «ዝም ማለት የማይወድ ሰው በሁለተኛው ቀን ይሄዳል።»

«እኛ አምስት ቀን ነን» አልኳት፣ በኩራት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባቴና እኔ አፋፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥን። ከእግራችን ሥር የላስታ ተራሮች ድርድር ብለው እስከ ዓይን መጨረሻ ይታያሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ወደ ገደላቸው እየወረዱ ነበር፤ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ እንደ ተማሪ ተሰልፈው። አባቴ ብዙ ካየ በኋላ ፊቱን ሳያዞር ጠየቀኝ።

«ይኼ ሽርሽር ለምንድን ነው?»

«ለእረፍት ነዋ።»

«ሌላ ነገር የለውም?»

«ምን ይኖረዋል፣ አባዬ?»

ያን ምሽት የተናገርኩት ውሸት ትንሽ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ስለ ምንም ነገር እሱን ስጠይቀው ድምፄ እውነተኛ አልሆን ብሎኝ ነበር።

ብርዱ ድንገት ነው የመጣው። ጎጆው ውስጥ ሁለት አልጋ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ የእንጨት መዝጊያ ያላት አንዲት መስኮት አለች። አባቴ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በካልሲ ጠቅልሎ ብርድ ልብሱ ሥር ሊያስቀምጠው ሲል አየሁት።

«ኧረ አይሆንም!» አልኩት። «ሙቀት ያበላሸዋል። ፋርማሲስቷን ጠይቄያታለሁ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚፈልገው።»

«ቤት እኮ ውኃ ባለበት ገንቦ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። እዚህ ግን ብርዱ...»

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙኝ እንጂ እናንተ የወሎ ሰዎች!»

ሳቀ። ብልቃጡን ተቀብዬ መስኮቷ ድንጋይ ላይ፣ ከመዝጊያው አጠገብ አስቀመጥኩት። ፋርማሲስቷን የጠየቅኋት ስለ ሙቀት ብቻ ነበር። ስለ ውርጭ እሷም አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ አባቴ ልብሱን ለብሶ፣ ተወግቶ ጨርሶ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ሣሩ ሁሉ ነጭ ነበር። ጓሮ ያለው የውኃ ባልዲ ላይ የአንድ ጣት ውፍረት ያለው በረዶ ረግቷል። እኔ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ በረዶውን በጣቴ ሰበርኩት። አባቴ ግን ባልዲውን ትኩር ብሎ አይቶ ፊቱን አዞረ።

ያ ቀን ግን በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ጥሩ ቀኖች አንዱ ነው፤ ይህን ዛሬም አልክድም። እስከ ረፋድ ፀሐይ ሞቅን። ጅብራ ከበቀለበት ሜዳ ድረስ በዝግታ ሄደን ተመለስን። አባቴ በሕይወቱ አውርቶት የማያውቀውን አወራኝ፤ ፍሬን እምቢ ብሎት መኪናውን ከአፈር ክምር ጋር አጋጭቶ ያቆመበትን ቀን፣ እናቴ ስለዚያ ለሦስት ወር ሳትሰማ መቅረቷን፣ ስትሰማ ደግሞ ለሳምንት አለማናገሯን። ስናወራ ግን የውኃው ኮዳ ከእጁ አልወጣም። ሦስት ጊዜም ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄዷል።

«ውኃ አበዛህ» አልኩት።

«ከፍታው ነው። አየሩ ያደርቃል።»

የመጀመሪያው ሙሉ ቀናችን እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ አገኘሁት። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የስኳር መለኪያውን አውጥቼ ጣቱን ወጋሁ። ሦስት መቶ ሰማንያ አለ፤ ከሚገባው በእጥፍ በላይ። መለኪያው በብርድ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ብብቴ ውስጥ አሙቄ ደገምኩት። ከሦስት መቶ ሰማንያ ከፍ እንጂ ዝቅ አላለም።

«ምን በላህ?»

ጠዋት ሴትዮዋ ከገብስ ቂጣው ጋር በትንሽ ሳህን ማር ማቅረቧ ትዝ አለኝ። እኔ ያን ጊዜ ወደ ውጪ ወጥቼ ነበር።

«ማሩን በልተኸዋል፣ አይደል?»

አባቴ ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። «አዎ» አለ፤ «ቀመስኩት።»

ያኔ ያደረግሁትን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። እንደ ተማሪ ቆጣሁት። በጥቅምት ስለ መውደቁ፣ ስለ ግዴለሽነቱ፣ ብቻውን መኖር እንደማይችል አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ያ አልበቃኝም፤ ወጥቼ ማድ ቤት ገብቼ ሴትዮዋን፣ «የስኳር በሽተኛ ነው ብዬሽ የለም ወይ? ማር ምን ያደርግለታል?» አልኳት። በእጇ የያዘችው ማማሰያ ቆመ። ሽማግሌ ባለበት ቤት ነገር ማካረር እንደማትፈልግ ከፊቷ ይታያል።

«ይቅርታሽን፣ እቴ» አለች ብቻ።

ማታ አባቴ መድኃኒቱን ሲወጋ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። እኔም ተቆጥቼ ስለነበር አላየሁትም። እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን የማቀርበው ክርክር አሁን ማስረጃ አገኘ፤ «ለማር እንኳ ራስህን መግዛት አቅቶህ...» እያልኩ ቃላቱን ስደረድር እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያነቃኝ የአባቴ ማስመለስ ነው። በሩ ላይ ተንበርክኮ ግድግዳውን ይዟል። ደግፌ አስገባሁት። ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ስለዚህ ሽታ በጥቅምት ልጠይቀው ሄጄ ሳለሁ የሆስፒታሉ ዶክተር ነግሮኝ ነበር፤ ስኳሩ ከመጠን ሲያልፍ የሚመጣ፣ ከመጣም ቀን የማይሰጥ ምልክት ነው። መለኪያው ቁጥር ማሳየት ትቶ ከአቅሜ በላይ ነው የሚለውን ምልክት አወጣ።

ሴትዮዋ ሙቅ ውኃ ይዛ መጣች። አባቴን አየችው፤ ውኃውን አስቀምጣ እኔን በእጄ ይዛ ወደ ውጪ ወሰደችኝ።

«እቴ፣ ትናንት ዝም ያልኩት አባባን ላለማሳፈር ነው» አለችኝ። «ማሩን አልነኩትም። ሳህኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ እንዳቀረብኩት ሙሉ ነበር።»

«ራሱ በላሁ ብሎኛል እኮ።»

«ለምን እንዳሉ እሳቸው ያውቃሉ። እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩሽ።»

እንግዲህ ማር ካልበላ፣ መድኃኒቱንም ከተወጋ፣ ስኳሩ ለምን ይወጣል? ተመልሼ ገባሁና ብልቃጡን ከመስኮቷ አነሣሁት። ወደ ብርሃን አቀናሁት። ሲነቀነቅ እንደ ወተት ለስላሳ መሆን የነበረበት መድኃኒት ተቆራርጦ፣ ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ብልቃጡ ላይ ተጣብቋል። ጣቴ ብርጭቆው ላይ ቀዘቀዘ። ባልዲው ላይ የረጋው በረዶ ትዝ አለኝ። መስኮቷ ድንጋይ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

«አባዬ፣ ይኼ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

ዓይኑን ገለጠ። «በመጀመሪያው ጠዋት። ጠጥሮ ነው ያገኘሁት። በእጄ አሙቄ አሟሟሁትና ተወጋሁ።»

«አልነገርከኝም!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺ ያስቀመጥሽው ተበላሸ ብዬ?» ትንፋሽ ወሰደ። «ይሠራል ብዬ ነበር። ካልሠራም እስከ አምስት ቀን ያደርሰኛል አልኩ።»

ልመልስለት ጊዜ አልነበረም። ሴትዮዋ የመንደሩ ጤና ኬላ ውስጥ ክትባትና ጥቂት ኪኒን እንጂ ይህ መድኃኒት እንደማይገኝ ነገረችኝ። ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ባለች አንዲት ቋጥኝ ላይ ብቻ ነው። ሮጬ ወጣሁ። በዚያ ከፍታ መሮጥ ማለት በአፍ አሸዋ መዋጥ ነው፤ ደረቴ ይቃጠላል። አስጎብኚው በሁለተኛው ጥሪ አነሣ።

«መኪና ላክልኝ» አልኩት። «መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ። አሁኑኑ።»

ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ከንጋት ጀምሮ መኪና አይንቀሳቀስም ተብሏል። ባጃጅም፣ ሞተርም ከከተማ አይወጣም። የሚተኮስም ይሰማል፤ ሩቅ ነው፣ ግን ይሰማል» አለኝ።

«አባቴ እየሞተብኝ ነው።»

«በበቅሎ አውርጂው። የበቅሎዋ ባለቤት ቄሱ እዚያው ናቸው። እኔ ከተማው መግቢያ ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ ሆስፒታሉ ክፍት መሆኑን አሁን ሄጄ አያለሁ።»

ቄሱ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ እግራቸው ግን የወጣት ነው። ሴትዮዋ ጉዳዩን ስትነግራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «መቀመጥ ይችላሉ?» በቅሎዋን ጭነው መጡ። አባቴ ሊቆም ሞክሮ ጉልበቱ ከዳው። ያ ተጭኜ አላውቅም ያለው ሰው ሳይከራከር ሁለታችን ስናነሣው ዝም ብሎ ተነሣ። አለመከራከሩ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ።

ሴትዮዋ የፈላ ውኃ በሁለት ጠርሙስ ሞልታ፣ ጨው ጣል አድርጋበት ሰጠችኝ። «በየጊዜው አጠጪያቸው፣ በትንሽ በትንሹ» አለች። የአባቴን ጋቢ በወገቡ ዙሪያ አዙራ ከኮርቻው ጋር አሰረችው። ላቅፋት ፈልጌ እጄ ተሳሰረብኝ፤ «ስለ ትናንቱ...» ብዬ ጀመርኩ። «ሂጂ» አለችኝ፤ «አሁን ሂጂ።»

የወረድንበት መንገድ የወጣንበት አልነበረም። ቄሱ በቀጥታ ወደ ላሊበላ በሚወርድ አቋራጭ ወሰዱን፤ ሁለት ሰዓት ያህል ያሳጥራል፣ ግን ገደሉን ታክኮ የሚሄድ ነው። በግራ በኩል ትከሻዬ ቋጥኙን ይነካል፤ በቀኝ በኩል ምንም የለም። ቄሱ ከፊት ልጓሙን ይዘዋል። እኔ ከኋላ የአባቴን ካፖርት ጫፍ ይዣለሁ፤ ቢወድቅ ጨርቅ ሰው እንደሚይዝ ያህል።

አባቴ ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

«ወደ ታች አይዩ» ይላሉ ቄሱ ሳይዞሩ። «የበቅሎዋን ጆሮ ይዩ። ሁለቱን ጆሮ።»

«እያየሁ ነው፣ አባ» ይላል አባቴ። ድምፁ ምላሱ እንዳበጠ ሰው ነው።

በየኩርባው እያቆምን ውኃ አጠጣሁት። ግማሹ በአገጩ ይፈሳል። እንዳይተኛ ማናገር ነበረብኝ፤ የምናገረው ግን ጠፋኝ። በመጨረሻ ለአራተኛው ቀን ያዘጋጀሁት ብቻ አፌ ላይ መጣ።

«አባዬ፣ ትሰማኛለህ? ለእረፍት አይደለም ያመጣሁህ። ወደ አዲስ አበባ ልወስድህ ነው። ላባብልህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ጋሸና ሳልደርስ።» ትንሽ ቆየ። «አንቺ ያለ ምክንያት አርፈሽ አታውቂም።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

በቅሎዋ ጠጠር ላይ አዳለጣት። የኋላ እግሯ ወደ ቀኝ ተንሸራተተና ጠጠሩ እየተንኳኳ ወደ ታች ሄደ፤ መሬት ሲነካ አልሰማሁም። አባቴ በሙሉ ክብደቱ ወደ ባዶው አዘነበለ። ጋቢው ተወጠረ። ካፖርቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቋጥኙ ወደቅኩ፤ ክርኔ ተላጠ። ቄሱ ልጓሙን አሳጥረው በበቅሎዋ አፍንጫ ላይ ቆመው፣ «ነይ፣ ነይ፣ የኔ እናት» እያሉ በጣም ቀስ ብለው አናገሯት። እግሯን አነሣች። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። መንገዱ ሰፋ ወዳለበት ደረስን።

ሁላችንም ቆምን። የሚሰማው የበቅሎዋ ትንፋሽ ነው። ከዚያ፣ ከሩቅ፣ በር እንደሚዘጋ ያለ ድምፅ ሰማን፤ ደግሞ ደገመ። ቄሱ አማተቡ። ነጎድጓድ አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

«ከከተማው ወዲያ ነው» አሉ። «እንቀጥል።»

አባቴ ያን ጊዜ ነው የመለሰልኝ፤ ጥያቄውን የረሳው መስሎኝ ነበር። «እናትሽ ካረፈች ወዲህ» አለ፤ «አንድ ቀን ሙሉ አብረን ተቀምጠን እናውቃለን? ትመጫለሽ፣ መድኃኒቴን ትቆጥሪያለሽ፣ ትሄጃለሽ። ብነግርሽ በመጀመሪያው ጠዋት ሻንጣውን ትዘጊው ነበር።»

ልክ ነበር። እዘጋው ነበር። ከኋላው ስለሆንኩ ፊቴን አላየውም።

ከዚያ በኋላ ማውራት አቆመ። ስጠራው መጀመሪያ «አቤት» ይላል፤ ቀጥሎ ጭንቅላቱን ብቻ ያነቃንቃል፤ ቀጥሎ እሱም ቀረ። ትንፋሹ ግን ረዥምና ፈጣን ሆነ፤ ዳገት እንደሚወጣ ሰው፣ ምንም እንኳ የምንወርድ ብንሆን። የዶርዜ ጥለት ያለበትን የጋቢውን ጠርዝ እያየሁ ትንፋሹን ቆጠርኩ። በየሃያው ቆጠራ «አባዬ» ብዬ ጠራሁት።

ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ነበር። አስጎብኚው የለም። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ሱቆቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ አንድ ደጃፍ ላይ ጎመን የሞላ ዘንቢል ባለቤት የሌለው ቆሟል። ከአንድ ግንብ ሥር መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ወጡ።

«ቁሙ! ከየት ነው?»

ቄሱ እጃቸውን ከፍ አድርገው መስቀላቸውን አሳዩ። «በሽተኛ ነው። ከላይ ከተራራው ነው የመጣነው።»

«ዛሬ መንቀሳቀስ እንደማይቻል አልሰማችሁም?»

እኔ መታወቂያዬን ቦርሳዬ ውስጥ ፈለግሁ። ያገኘሁት የተበላሸውን ብልቃጥ ነው። እሱኑ ዘረጋሁለት። «አባቴ ነው» አልኩ፤ «መድኃኒቱ ተበላሽቶበት ነው።» አንደኛው ብልቃጡን አላየውም። ወደ አባቴ ቀርቦ ፊቱን አየ፤ ትንፋሹንም ሳይሰማው አልቀረም። ለጓደኛው ራሱን ነቀነቀለት።

«በታችኛው መንገድ ሂዱ» አለን። «በላይኛው አትሂዱ። ፍጠኑ።»

በታችኛው መንገድ ሄድን። አስጎብኚው ከአንድ ግቢ በር ላይ ዘሎ ወጣ፤ ወደ መግቢያው እንዳይሄድ ከልክለውት እዚያ ይጠብቀን ነበር። «ክፍት ነው» አለ፤ «ነርሷ አለች።» እሱና ቄሱ አባቴን ከበቅሎዋ አወረዱት። ጋቢው በጣም ከመጥበቁ የተነሣ ሊፈታ ስላልቻለ ቄሱ በቢላዋ ቆረጡት።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ስለነበረች ዓይኗ ቀልቷል። አንድ ጊዜ ትንፋሹን አሽታ ወዲያው ግሉኮሱን ሳይሆን የጨው ውኃውን ሰቀለች፤ ኢንሱሊን ከፍሪጅ አወጣች። በእጄ ይዤው የመጣሁትን ብልቃጥ ወስዳ ወደ መስኮቱ አቀናችው።

«ውርጭ መቶታል» አለች። «ብዙ ሰው አያውቅም። ሙቀትን ነው የሚፈራው።»

አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በየሰዓቱ ጣቱን ትወጋለች፤ ቁጥሩን ትጽፋለች፤ እኔ ፊቷን አያለሁ። መጀመሪያ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ መለኪያው ቁጥር አወጣ። ከዚያ ቁጥሩ ወረደ። አመሻሽ ላይ አባቴ ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን አየና፣ «ቄሱ የት ሄዱ?» አለ።

«ከተማው ውስጥ ዘመድ አላቸው፤ እዚያ ያድራሉ። ነገ ይመለሳሉ።»

«በቅሎዋስ?»

«ደህና ናት።»

«ጥሩ ማርሽ አላት» አለና ተመልሶ ተኛ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ነርሷ ሳታየኝ አልቀረችም፣ ግን መጋረጃውን ሳብ አድርጋ ወጣች።

አራተኛውና አምስተኛው ቀናችን በዚያ ክፍል አለፈ። መንገዱ ተከፍቷል ተዘግቷል ሲባል፣ እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ አጠገቡ ባለች ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። በማግስቱ ቄሱ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ለሴትዮዋ ደብዳቤ ጻፍኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ገጽ ሞልቼ ነበር፤ አንብቤ ቀደድኩትና ሁለት መስመር ብቻ ጻፍኩ፦ አባባ ደህና ናቸው፤ እውነቱን ባትነግሪኝ ኖሮ ምክንያቱን አላገኘውም ነበር። ቄሱ ደብዳቤውን ካባቸው ኪስ ውስጥ አስገብተው አባቴን አሳልመው ሄዱ።

ስለ አዲስ አበባው ነገር አላነሣሁም። ዳግመኛ ያነሣው አባቴ ነው፤ ነርሷ የሰጠችውን ሾርባ በማንኪያ እያማሰለ።

«እስከ ፋሲካ አንቺ ጋ እቀመጣለሁ» አለ። «ስለለመንሽኝ አይደለም። ስለፈራሁ ነው። ገደሉ ላይ ፈርቼ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ቤቴ እገባለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እኔ አልዋሽሽም፣ አንቺም አትዋሺኝ።»

በረራ ሲጀመር ይዤው ሄድኩ። የመጀመሪያ በረራው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የነዳውን መንገድ ከላይ አየውና፣ «ይኼን ያህል ጠመዝማዛ ነው እንዴ?» አለ። እኔ ጋ ሲኖር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቴ ጠበበው፤ ጠዋት ጠዋት ታች ወርዶ ከጥበቃው ጋር ስለ መኪና ያወራል። አንዳንድ ቀን ተጣላን። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከሥራ ስመለስ ሥራዬን ሳልከፍት አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ምንም ሳላደርግ ለመቀመጥ ግን ለረዥም ጊዜ ከብዶኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቀናት፣ እንዳለው ተመለሰ። አሁን ጠዋትና ማታ እደውልለታለሁ። ቁጥሩን ይነግረኛል፤ ከፍ ሲልም ከፍ ብሏል ይላል። የጎረቤቱ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሴት፣ የቤቱን ቁልፍ ይዛለች። እኔ አሁንም ብቻውን መኖሩን አልወደድኩትም፤ ይህንንም በግልጽ ነግሬዋለሁ። እሱም በግልጽ እምቢ ብሎኛል። በዚህ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወልድያ ሄጄ አንድ ወር ልቀመጥ አስቤያለሁ። ምን ልትሠሪ ነው ብሎ ጠይቆኛል። ምንም፣ አልኩት፤ መጀመሪያ አላመነኝም።